በአቶ ገብረየስ ራስጌ ያልጮኸው ሳጥን

አቶ ገብረየስ በጠራራ ፀሐይ፣ ከኢምፔሪያል ሆቴል ጀርባ ባለው ቤታቸው፣ አልጋቸው ላይ ሞተው ተገኙ። የኦክስጅኑ ቱቦ ከአፍንጫቸው ወልቋል። ጣታቸው ላይ የተሰካው መለኪያ ግን በዩኤስቢ ገመድ ከራስጌያቸው ሳጥን ጋር እንደተያያዘ ነው። ኦክስጅናቸው ሲወርድ መጮህ የነበረበት ያ ሳጥን አልጮኸም።

ልጃቸው ሀይሚ ከቀብር መልስ ሰውነቷ የሷ አልመስል አላት። ሰው ሲያጽናናት ድምፁን ትሰማለች፤ ቃሉ ግን አይገባትም። ራሷ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሳጥኑን ሚስኪ አጥፍታው ነው።» አስታማሚዋ ሚስኪ ጣቢያ ተጠርታ ቃሏን ሰጥታለች፤ ነገሩ ካልጠራ መታሰሯ አይቀርም።

ኢንስፔክተር ሐሚዳ ሳጥኑን አገላብጣ አየችና ሚስኪን አስቀመጠቻት።

«ወላሂ አልነካሁትም! ኩሽና ነበርኩ። ሳጥኑ ከጮኸ እንኳን እኔን ጎረቤት ይቀሰቅሳል። ሀይሚ ቤት ካለች ሲጮህ ነው የሚውለው።»

«ስትወጣስ?»

ሚስኪ አሰብ አደረገች። «ስትወጣ ዝም ይላል። አባባ ተሻላቸው ብዬ ደስ ይለኝ ነበር።»

ሐሚዳ ወደ ሀይሚ ዞረች። «ወሎ ሰፈር ቢሮሽ ሆነሽ አባትሽን በምን ትከታተያቸዋለሽ?»

«የኦክስጅኑ ቁጥር በኢንተርኔት ኮምፒውተሬ ላይ ይታያል። ሳጥኑን የገጠመልን ኢምራን ነው የሠራልኝ። ክፍት አድርጌው ነው የምውለው።»

«የዚያን ቀንስ?»

«ክፍት ነበር። እኔ ስብሰባ ገብቼ ነው እንጂ...»

በማግስቱ ሐሚዳ ሀይሚን፣ ሚስኪንና ኢምራንን አቶ ገብረየስ ቤት ሳሎን ሰበሰበች። ሳጥኑ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። መለኪያውን የራሷ ጣት ላይ ሰክታ ነቀለችው፤ ቁጥሩ ሲጠፋበት ሳጥኑ ጮኸ። ሀይሚን «አሁን ኮምፒውተርሽን ክፈቺ» አለቻትና እንደገና ሰክታ ነቀለችው። ሳጥኑ ጭጭ አለ።

«ኢምራን፣ አንተ ተናገር።»

ኢምራን ሳጥኑን ወደ ራሱ ሳበ። «ዩኤስቢውን የሚቆጣጠረው ቺፕ ላይ ሬጅስተር የምንለው ትንሽ የማስታወሻ ቦታ አለ። አደጋ ሲመጣ ምልክቱ እዚያ ይቀመጣል። አንዴ ከተነበበ ይጠፋል፤ አሠራሩ ነው።»

«ማነው የሚያነበው?»

«ድራይቨሩ፣ ማለት መለኪያውን የሚያዘው ፕሮግራም፣ ለማንቂያው ብሎ። ለሀይሚ ስል እዚያው ላይ ሌላ ንባብ ጨመርኩ። ከማንቂያው በፊት።»

«ስለዚህ የሀይሚ ኮምፒውተር ሲከፈት ምልክቱን ቀድሞ ይወስደዋል» አለች ሐሚዳ። «እሱ ደግሞ ቁጥር ያሳያል እንጂ አይጮህም። ማንቂያው ተራው ሲደርስ ባዶ ያገኛል። ሀይሚ ቤት ስትሆን ኮምፒውተሩ ዝግ ነው፤ ሳጥኑም ይጮሃል። ሚስኪ የነገረችን ይህንኑ ነው። ያጠፋው ሰው የለም። ሞክረኸው ነበር፣ ኢምራን?»

«ቁጥሩ ሲመጣ አየሁና... በቃ ሠራ አልኩ።»

«እኔ ላየው ስል ነው አባቴ የሞተው ማለት ነው» አለች ሀይሚ። ድምፅዋ የሰው ስልክ ቁጥር የምታነብ ይመስል ነበር።

«አንቺማ አባትሽን ነው የጠበቅሻቸው» አለች ሐሚዳ። «ሳይፈተሽ የተጨመረው ንባብ ነው የገደላቸው።»

ኢምራን አንገቱን እንደደፋ ላፕቶፑን ከፈተ። ሬጅስተሩ አንዴ ብቻ እንዲነበብ፣ የተነበበውም ተቀምጦ ለማንቂያውም ለኮምፒውተሩም እንዲሰጥ አስተካከለው። የሀይሚ ኮምፒውተር እንደተከፈተ ሐሚዳ መለኪያውን ጣቷ ላይ ሰክታ ነቀለችው።

ሳጥኑ ቤቱን በጩኸት ሞላው።

ሚስኪ ከመቀመጫዋ ተፈናጥራ ተነሳች። ጠረጴዛውን፣ የሚጮኸውን ሳጥን፣ ሁሉንም አልፋ ወደ አባባ መኝታ ክፍል ሮጠች። በሩ ላይ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። አልጋው ተነጥፏል።

«ያልኩትን ሁሉ አነሳለሁ» አለች ሀይሚ ለሐሚዳ። ተነስታ ሄዳ ከሚስኪ አጠገብ፣ በሩ ላይ ቆመች። ሳጥኑ አሁንም ይጮሃል።