ከጎዞቦ እስከ ኦሞ ማዶ

ነሐሴን ሙሉ ያላባራው ዝናብ አንድ ማለዳ ጎዞቦን ይዟት ወረደ። ከሙዱላ በታች ተዳፋት ላይ የነበረችው መንደር ከነጎጆዋ፣ ከነእንሰቷ፣ በረት ውስጥ ከታሰሩት ከብቶች ጋር ተንዳ ሸለቆ ገባች። ሳህሉ ትንሿን ልጁን ትርፊትን ይዞ ሀደሮ ዘመድ ቤት አድሮ ሲመለስ፣ ቤቱ የነበረበትን ቦታ መለየት አቃተው። ሚስቱ ከዚያ ቀይ አፈር ሥር ቀርታለች። በእጁ ቧጠጠ፣ በመቆፈሪያ ቆፈረ፤ አላገኛትም።

ዘመኑ የንጉሡ ነበር፤ ደጋው ላይ ባለቤት የሌለው መሬት አይገኝም። ከናዳው የተረፉት በየፊናቸው ተበተኑ። ገሚሱ ሀደሮ ሄዶ ጭሰኛ ሆነ። ጎረምሶቹ ሆሳዕና ገብተው ተሸካሚ ሆኑ። የሸንኮራ እርሻ ሰው ይፈልጋል ሲባል የሰሙም ወንጂ ድረስ በእግራቸው ተጓዙ። ሳህሉና ጥቂት ቤተሰቦች ግን ተዳፋቱ ጫፍ ላይ ዳስ ጥለው ወሩን አሳለፉ።

እዚያ ያገኛቸው ረሻድ ነው። ረሻድ ሆሳዕና ሱቅ ያለው የጉራጌ ነጋዴ ሲሆን፣ በየዓመቱ ኦሞን እየተሻገረ ከዳውሮ ቡና ይገዛል።

«ከወንዙ ማዶ ደጋው ሥር ያለው ቆላ ጠፍ ነው» አላቸው። «ውሃ አለው፣ አፈሩ ጥቁር ነው።»

«ታዲያ ለምን ጠፍ ሆነ?» አለች የሳህሉ ታላቅ እህት ገነቴ።

«ወባ አለበት። አልዋሽሽም።»

ሳህሉ የተገመሰውን ተራራ አየ። «እዚህስ ምን ቀረን?» አለ።

መስከረም ሲጋመስ ተነሡ። ረሻድ በሁለት በቅሎዎቹ ላይ የቃጫ ገመድና የእነሱን ቆጮ ጭኖ ከፊት መራ። ገነቴ የእንሰት ችግኝ በቅጠል ጠቅልላ አዘለች። ሳህሉ ትርፊትን ትከሻው ላይ አስቀመጠ። ቁልቁለቱ ገና አልደረቀም፤ የረገጡት ሁሉ ይከዳል። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና ዝናቡ እንደገና ወረደባቸው። ከላይ ድንጋይ እየተፈነቀለ መካከላቸው ሲያልፍ፣ ሰዎቹ ዛፍ ላይ ተጣብቀው የተራራውን ድምፅ ያዳምጡ ጀመር። የጎዞቦ ሰው ያንን ድምፅ ያውቀዋል። አንዲት ሴት ተቀምጣ አልነሣም አለች። ሳህሉ ልጁን ለገነቴ ሰጥቶ ሴትየዋን አዝሎ ወረደ።

ቆላው ሙቀቱን ይዞ ተቀበላቸው። ሰንበሌጡ ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ ከፊት የሚሄደውን ለማየት አይቻልም፤ ማዳመጥ ብቻ ነው። ረሻድ ድንገት ቆመና እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ።

«አትንቀሳቀሱ» አለ በሹክሹክታ። «ጎሽ ነው።»

ጎሹ ግን ጠረናቸው ደርሶታል። ሰንበሌጡን ሰንጥቆ ወጣ፤ የፊተኛዋን በቅሎ ከሆዷ ሥር ገብቶ አነሣትና ወረወራት። ሁለተኛዋ ደንብራ ከነቆጮው ሮጠች። ሳህሉ ትርፊትን ከሥሩ አድርጎ መሬት ላይ ተደፋ። የእንስሳው ኮቴ አጠገቡ መሬቱን ደበደበና ራቀ። ቀና ሲል በቅሎዋ ታቃስታለች፤ ረሻድ ጭኑ ተቀዷል። ሮጣ የሄደችውን በቅሎ ሲፈልጉ ዋሉ፤ አላገኟትም። ገመዱ ተረፈ፤ ምግቡ ሄደ።

ረሻድን እየደገፉ፣ የጫካ ፍሬ እየለቀሙ ኦሞ ዳር ሲደርሱ ሌሎች ሰዎች ቀድመዋቸው ነበር። የሶሮ ሰዎች ናቸው። የእነሱንም አገር ያ ዝናብ ጠርጎታል። ወፍራም ግንዶች ቆርጠው ውሃው ዳር ደርድረዋል፤ ጦርና ገጀራ የያዙ ወንዶቻቸው ከግንዶቹ ፊት ተሰለፉ። የእነሱ ቋንቋ ሀድይኛ ነው፤ የሳህሉ ሰዎች ጠምባርኛ ይናገራሉ። የሚግባቡት በገበያ አማርኛ ነው።

«እንጨቱ የእኛ ነው» አለ ከመካከላቸው አንዱ።

«ማሰሪያው የእኛ ነው» አለ ሳህሉ።

ረጅም ጊዜ ተፋጠጡ። በመጨረሻ ማቴዎስ የሚባል ደረተ ሰፊ ሰው ወደ ፊት መጣ። ከሳህሉ ይልቅ በትከሻው ላይ ያለችውን ልጅ ነው ያያት።

«ከበላች ስንት ጊዜዋ ነው?» ሲል ጠየቀ። መልስ ሳይጠብቅ ወደ ሚስቱ ዞረ። «ጵርስቅላ፣ ካለው በቆሎ ስጫት።»

ጠቡ በዚያ አበቃ። ግንዶቹን በረሻድ ገመድ አስረው ታንኳ ሠሩ። የቀረውን ገመድ ማቴዎስ ወገቡ ላይ አስሮ ወደ ወንዙ ገባ። አዞውን ለማባረር ሰዎቹ ድንጋይ እየወረወሩ ሲጮኹ፣ እሱ ቡናማውን ውሃ በክንዱ እየቀዘፈ ማዶ ደረሰና ገመዱን ከዋርካ ጋር አሰረ፤ ወዲህ ያለው ጫፍ ከዛፍ ጋር ሲታሰር ገመዱን ይዞ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ታንኳው ላይ የቆመ ሰው ገመዱን እየሳበ መሄድና መመለስ ቻለ።

«ማን ይቅደም?» አለ ሳህሉ።

«ልጅ የያዘ» አለ ማቴዎስ።

የጎዞቦ ሰዎች ልጆች ይበዙባቸው ነበርና አብዛኞቹ ቀድመው ተሻገሩ። የሶሮ እናቶችም ተሻገሩ፤ ጵርስቅላ ከልጆቿ ጋር ማዶ ወረደች። ታንኳውን በመጨረሻ የሳበው ሳህሉ ነበር። በመጡበት ዳር ማቴዎስና ጥቂት ሽማግሌዎች አንድ የአሸዋ ደለል ላይ ቆመው ተራቸውን ይጠብቃሉ።

ያኔ ወንዙ ቀላ። ከላይ በኩል ዘንቦ ኖሯል። ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍ፣ የሞተ በሬ፣ የጎጆ ጣሪያ እያንከባለለ መጣ። ውሃው ከደለሉ ጀርባ ዞሮ ገባና ሽማግሌዎቹን ከየብስ ቆረጣቸው።

«ሳህሉ!» ሲል ማቴዎስ ተጣራ። «ታንኳውን አምጣው!»

ሳህሉ አንድ እግሩን ግንዱ ላይ አሳረፈ። ገነቴ ክንዱን ያዘችው።

«እናቷ አፈር ውስጥ ናት» አለችው። «አንተም ውሃ ከገባህ ይህች ልጅ ማን አላት?»

ረሻድ የቆሰለ እግሩን ዘርግቶ ከተቀመጠበት «አሁን ነው» አለ። «ከቆየህ ይብሳል።»

ሳህሉ ውሃውን አየ። ልጁን አየ። «ዛፉ ይለፍና» አለ።

አንዱ ዛፍ አለፈ፣ ሌላው ተከተለ። ጵርስቅላ አጠገቡ መጥታ ቆመች። አልጮኸችም። «ወንድሜ፣ እባክህ» ብቻ አለች። እሱ ግን እግሩን መንቀል አልቻለም። ውሃው ሽማግሌዎቹ ጉልበት ላይ ደረሰ። ያን ጊዜ ማቴዎስ መጠበቁን ተወ። በሁለት እጁ ገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ ታንኳውን ራሱ ሊወስድ ተነሣ። መሐል ደርሶ ነበር። ፊቱ ይታያል፤ ሳህሉን እያየ ነው የሚመጣው። አንድ ጥቁር ግንድ ከጎን መጣና መታው። እጁ ለቀቀ። ከዚያ በኋላ ያየው የለም።

ሳህሉ ታንኳው ላይ ራሱን ያገኘው ያኔ ነው። እንዴት እንደዘለለ አላወቀም። ገመዱ መዳፉን እየላጠው ሳበ፤ ግንዶቹ ከሥሩ ተላቅቀው ሊበተኑ ደረሱ፤ ደለሉ ጋ ደርሶ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አንሥቶ ጫነ፤ ተመልሶ ሳበ። አንድ ሰው ሳይጎድል አሻገራቸው። የሶሮ ሽማግሌዎች እጁን ይዘው መረቁት። እሱ የሚያየው ጵርስቅላን ነበር። ልጆቿን ይዛ የወንዙን ዳር ተከትላ ወደ ታች እየሄደች ነው፤ የባሏን ሬሳ ፍለጋ።

ጠፍ መሬቱ ረሻድ እንዳለው ሆኖ ተገኘ፤ ጥቁር አፈር፣ የማይደርቅ ምንጭ፣ ወባ። የመጀመሪያው ዓመት ብዙ ሰው ወሰደ፤ ከወሰዳቸው አንዷ ገነቴ ናት። እሷ የተከለችው እንሰት ቆላው አልተስማማውም፤ በቆሎና ማሽላ መዝራት ተማሩ። ሳህሉ የራሱን ማሳ ሳይመነጥር የጵርስቅላን መነጠረ። እሷ አላመሰገነችውም፤ ሂድም አላለችውም።

መንደር ሲሆኑ ስም አስፈለገ። የጎዞቦ ሰዎች «አዲሱ ጎዞቦ» እንበል አሉ። ሳህሉ ተነሥቶ «የማቴዎስ ሰፈር ይባል» አለ።

ጵርስቅላ ከሴቶቹ መካከል ሆና «ስም አይመልሰውም» አለች።

«አይመልሰውም» አለ ሳህሉ። ስሙ ግን ጸደቀ።

ዓመታት ሄዱ። ከዳውሮ ደጋ ሰዎች ወርደው ሚስት አገቡ። ትርፊት አድጋ የጵርስቅላን ታላቅ ልጅ አገባች። የተወለዱት ልጆች ሲጫወቱ ጠምባርኛን፣ ሀድይኛንና ዳውሮኛን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይቀላቅላሉ። ሳህሉ ከልጅ ልጆቹ ጋር ሲነጋገር ጠምባርኛው እየሳሳ መምጣቱን አንድ ቀን በድንገት ልብ አለ።

ረሻድ ትንሽ እያነከሰ በንግድ ሲመጣ አንድ ወሬ አመጣለት። «ጎዞቦ ላይ ሰው ሰፍሯል» አለው። «ናዳው ጸንቶ ሣር አበቀለ።»

ሳህሉ በበጋ ወራት፣ ኦሞ ሲጎድል ተሻገረ። ዳገቱን ቀስ እያለ ወጣ። ተዳፋቱ ላይ አዳዲስ ጎጆዎች ተሠርተዋል። የሚያውቀው ፊት ፈለገ፤ አንድም አላገኘም። ሰዎቹ ከሌላ ወረዳ የመጡ፣ አነጋገራቸውም የተለየ ነው። የሱ ቤት በነበረበት፣ ሚስቱ ባለችበት አፈር ላይ አንድ ገበሬ ጥማድ በሬዎች ይዞ ያርሳል። አፈሩ በቀላሉ ይገለበጣል፤ መልካም ማሳ ሆኗል። ሳህሉ ዳር ላይ ቆሞ አየ። አቁም ሊለው አፉን ከፈተ፤ ሰውየው ምን አጠፋ? መልሶ ዘጋው።

ገበሬው በሬዎቹን አቁሞ ላቡን እየጠረገ መጣ።

«እንደምን ዋሉ አባቴ፤ ይረፉ እንጂ። እንግዳ ነዎት መሰል፣ ከየት ነው የመጡት?»

ሳህሉ የተራራውን ቀሪ ግማሽ አየ። እዚህ ነው ተወልጄ ያደግሁት ሊል ፈልጎ ነበር። ቃሉ በየትኛው ቋንቋ እንደሚወጣ ለቅጽበት ጠፋው።

«ከወንዙ ማዶ ነኝ ልጄ» አለ። «ከማቴዎስ ሰፈር።»

ገበሬው ሰፈሩን አያውቀውም። ውሃ በቅል አምጥቶ ሰጠው፤ ሳህሉ ቆሞ ጠጣ፤ አመሰገነ፤ ቁልቁለቱን ያዘ።