ሰው ያልተጫነበት ሊፍት

ያ ኮፍያ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደስ አላለኝም።

የምሠራው መነፅር ቤት ነው። ፍሬም ፊት ላይ ልክ እንዲቀመጥ ማድረግ፣ ጆሮ ላይ የሚያርፈውን ዘንግ አሙቆ ማጠፍ የእኔ ሥራ ነው። ባለ ኮፍያው የሕንፃችንን ሊፍት ሊጠግን መጥቶ፣ በዚያው ዓይኑን ሊታይ ገባ። መልከ መልካም ነው። ጣቶቹ በግሪስ ጠቁረዋል፣ ኮፍያው ቅንድቡ ድረስ ወርዷል።

«ኮፍያህን አውልቅልኝ፤ ዘንጉ ልክ አይቀመጥም» አልኩት።

«እንዲሁ ለኪው።»

«እንዲሁ ከለካሁት ይጣመማል።»

«ይጣመም፣ ምን ቸገረሽ?» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀበት።

መነፅሩ ተጣሞ ሄደ። ከዚያማ «አስተካክይልኝ» እያለ ይመላለስ ጀመር። እኔም ሞኝ አይደለሁም፤ መነፅር ሰውን እንዲህ አያመላልስም። ስሙን ትተን በሱቃችን «ሊፍቱ» አልነው። ወደድኩት። የሚሰማኝን መደበቅ ስለማልችል እሱም ቶሎ አወቀብኝ።

ኮፍያው ሥር ያለውን ያየሁት አውቶቡስ ስንጠብቅ ነው። ንፋስ ኮፍያውን ነጠቀው። ከግንባሩ እስከ አናቱ ባዶ ነው፤ ዙሪያውን ጥቅጥቅ ያለ ከርዳዳ ፀጉር ከቦታል። ልብሱን የተገፈፈ ሰው ይመስል በሁለት እጁ ራሱን ሸፈነ። እኔ ከመላጣው ይልቅ ኮፍያው አሳስቦኝ ሮጬ አነሳሁለት።

«ከሠርጋችን በፊት ፀጉር አስተክላለሁ» አለኝ፣ ኮፍያውን አራግፎ ሲያጠልቅ። ሠርግ የሚለው ቃል ከአፉ ሲወጣ ያን ጊዜ ገና መስማቴ ነበር። ደስታው ሌላውን ሁሉ አስረሳኝ።

ማስታወቂያ አይቶ የመረጠው ሐኪም ዘንድ አብረን ሄድን። መጠበቂያ ክፍሉ በጣም ንጹሕ፣ በጣም ጸጥ ያለ ነው። ግድግዳው ላይ ከቀዶ ጥገና በፊትና በኋላ የተነሡ ወንዶች ፎቶ ተደርድሯል። ሁሉም ባለ ሉጫ ፀጉር ናቸው። ተቀምጠን ሳለ የውስጡ በር ተከፈተና አንድ ሰው ወጣ፤ ራሱን በፋሻ ተጠቅልሏል። ግድግዳውን ታክኮ፣ ከማንም ጋር ሳይተያይ አለፈ።

ሐኪሙ ከጠረጴዛው ኋላ ሆኖ ተናገረ እንጂ የሊፍቱን ራስ በእጁ አልነካም። «ከማጅራትህ ቆዳ በመቀነት መልክ ቆርጠን ፀጉሩን ከዚያ መውሰድ እንችላለን። ካልሆነም በመብሻ አንድ በአንድ እናወጣዋለን። ደስ ያለህን ምረጥ። በሽታ አለብህ?»

«የለብኝም።»

«ዶክተር፣ እንደሱ ያለ ፀጉር ሠርተው ያውቃሉ?» አልኩ።

«ፀጉር ፀጉር ነው፣ እህቴ» አለኝና ቀኑን ቆረጠለት።

በዚያው ሳምንት እናቱ ቤት ተጋበዝኩ። ሻይ ሲቀዱልኝ ሻሻቸው ሸርተት አለ። የጆሯቸው ጫፍ ላይ የለውዝ ፍሬ የሚያህል እብጠት ተንጠልጥሏል። ማየቴን አዩ።

«አይዞሽ ልጄ፣ በልጅነቴ ሲበሱኝ የወጣ ነው። ለእኛ ቤት ቁስል ሲድን ምርቃት ይጨምራል!»

እናትና ልጅ በሳቅ ፈረሱ። የቤታቸው ቀልድ መሆኑ ነው። እሱም እጅጌውን ሰብስቦ ትከሻውን አሳየኝ፤ ብረት የጫረው ቦታ ጣት የሚያህል ጠባሳ ሆኖ ተነሥቷል። «የእኔ ምርቃት ይኸውልሽ።»

እኔ መሳቅ አቃተኝ። ለሐኪሙ «የለብኝም» ያለው ዋሽቶ አልነበረም። እነሱ ቤት ይህ ነገር በሽታ አይባልም። አንዲት የመርፌ ቀዳዳ ይህን ካበቀለች፣ ማጅራቱን ሙሉ ቢበሱት ምን ሊበቅል ነው?

ስንወጣ ነገርኩት። «ቀኑን አዘግየው። ሌላ ሐኪም ይይህ።»

ቆመ። «ቀኑን ነው ሠርጉን?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«እንቅጩን ንገሪኝ። መላጣ አላገባም በይኝና ይውጣልሽ።»

«እኔ እንደዚያ ወጣኝ?»

ጥሎኝ ሄደ። ስደውልለት ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ የምትወጂው ሰው ሲሆን ግን መከራውን ቁጭ ብሎ መጠበቅ አይቻልም። በተኛሁ ቁጥር ያ ግድግዳ ታክኮ ያለፈው ሰው ይመጣብኛል፤ ፋሻው ሲፈታ የሊፍቱ ፊት ነው።

ቀዶ ጥገናው አንድ ቀን ሲቀረው እሱ የሚሠራበት አዲስ ሕንፃ ድረስ ሄድኩ። የሊፍቱ በር ተከፍቶ፣ እሱ የአሸዋ ጆንያ እየተሸከመ ወደ ውስጥ ይጭናል። ከሊፍቱ ወለል በታች ጉድጓዱ ጨለማ ነው፤ ቀዝቃዛ አየር ይተፋል።

«ራቂ፣ አደገኛ ነው» አለኝ ሳያየኝ።

«አሸዋው ለምንድን ነው?»

«ሰው ከመጫኑ በፊት ይፈተናል።»

«አዲስ አይደል? የሠሩት ሰዎች ደህና ነው ብለው የለ?»

«እነሱማ ይበሉ። ቢወድቅ ከአሸዋው ጋር ይውደቅ፤ እኔ ያልፈተንኩት ላይ ሰው አልጭንም።»

«ለማታውቀው ሰው እንዲህ ከተጠነቀቅክ፣ እኔ የማውቀውን ራስ ያልተፈተነ ነገር ላይ ለምን ትጭንብኛለህ?» አልኩትና እንባዬ መጣ። «ፀጉርህን አይደለም የምፈራው። አንተን እንዳላጣህ ነው።»

ጆንያውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠው። «እሺ፣ ሌላ ሐኪም ይየኝ» አለ።

ሁለተኛዋን ሐኪም ጠይቀን ጠይቀን አገኘናት፤ በዕድሜ እናቱን የምታክል ሴት ናት። ከራሱ በፊት ትከሻውን አየች። እናቱን አስጠራችና ጆሯቸውንም አየች። ከዚያ ማጅራቱን በማጉያ መስታወት መረመረች።

«ልጄ፣ ያንተ ፀጉር ከቆዳ በታችም እንደ መንጠቆ የታጠፈ ነው። ቀጥ አድርጎ የሚበሳ እጅ ሥሩን ይቆርጠዋል። እኔ እንዲህ ያለውን ስሠራ ኖሬአለሁ፤ ፀጉርህ አያስፈራኝም፤ የሚያስፈራኝ ቆዳህ ነው። ቆርጦ መስፋቱን ጨርሶ እርሳው። ከጆሮህ ኋላ ጥቂት ብቻ ላውጣና ቦታው ያብጥ እንደሆነ እንይ።»

«እስከ መቼ?»

«ወራት ይፈጃል።»

«ሠርግ አለብን፣ ዶክተር።»

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» አለች። «አንተ ደግሞ የምትለቅመው አይኖርህም።»

ሠርጉን ገፋነው፤ እሷም ከጆሮው ኋላ ጥቂት አወጣች። እየመጣ ጆሮውን አጥፎ ያሳየኛል፤ እኔም በሱቁ ማጉያ አያለሁ። መጀመሪያ ቦታው ሜዳ ነበር። በኋላ ያሳክከኝ ጀመር አለ። አንድ ቀን ከሰዓት ጣቴን ሳሳልፍ የሆነች ጠጣር ነገር ነካችኝ።

«ትንፋሽሽ ቆመ» አለኝ።

ሐኪሟ አይታ ራሷን ነቀነቀች። «አብጧል፤ ያንተ ፀጉር ማስተከል እዚህ ላይ ያበቃል» አለችው። ከክሊኒኩ ስንወጣ ኮፍያውን ቅንድቡ ድረስ አውርዶ፣ ቻው እንኳ ሳይለኝ ሄደ።

ከዚያ ድምፁ ጠፋ። እናቱ «አይናገርም ልጄ፣ ሥራ ውሎ ይገባል» ይሉኛል። ሕንፃችን ውስጥ ሊፍት በተንቋቋ ቁጥር በሩን አያለሁ። ሳይነግረኝ ወደዚያ ሉጫ ፀጉር ወደሞላው ግድግዳ ተመልሶ ይሆን እያልኩ የማላስበው ክፉ ነገር አልነበረም።

አንድ ጠዋት ሱቁን ስከፍት በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ኮፍያው በእጁ ነው። ፀሐይዋ አናቱ ላይ አርፋለች፣ መንገደኛው ሁሉ ያየዋል።

«ወደቀ» አለኝ።

ገባኝ፤ የሚለው ከጆሮው ኋላ ስለተፈተነው ነው። ወደዚያ ሐኪም ተመልሶ እንዳይሆን ፈርቼ «ሰው ነበረበት?» አልኩት።

«አልነበረበትም» አለ። «ሰውየው ይኸውና፣ ካገባሽው።»

ወንበሩ ላይ አስቀምጬ መነፅሩን ከዓይኑ አወለቅኩ። ዘንጉ ከጆሮው ኋላ ያለችውን እብጠት ሲፈትጋት ከርሞ አቅልቷታል። ዘንጉን አሙቄ እብጠቷን እንዳይነካ ዙሪያዋን አጠፍኩትና ቀስ ብዬ አጠለቅኩለት።

ከፊት ለፊቱ ቆሜ አየሁት። መነፅሩ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል።