የፓራፋንጎው ስባሪ

መምህር ወንዳወቅ ሞቶ የተገኘው ከፍኖተ ሰላም ወደ ማንኩሳ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ቦይ ውስጥ ነው። ጊዜው ሰኔ 2001፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ነበር። ሳጅን እታለም ጭቃው ላይ ተንበርክካ ከካፖርቱ እጥፋት ሁለት ጣት የምትሰፋ ጥቁር የፕላስቲክ ስባሪ አወጣች።

ቀን ሳይመሽ እንግዳው የሚባል ሾፌር ታሰረ። በዚያ መንገድ ወደ ቡሬ የነዳው የአሠሪው የአቶ ያለው ፒክአፕ ጎማዎቹን በሚሸፍኑት በአራቱም ፓራፋንጎዎቹ ላይ አዲስ ጥቁር የፕላስቲክ ክፈፍ ነበረው። አለቃዋ «የገጨው ሰው ተገኝቷል፤ ነገ ክስ ይመሥረትበት» አሏት። ወይ ጥድፊያ!

«እመብርሃንን! ሰው አልነካሁም» አለ እንግዳው እያለቀሰ። «ሦስት ሰዓት ላይ ከጋራዥ ተረክቤ ቡሬ ገባሁ፤ በቃ። ሚስቴ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፣ ሳጅን።»

አቶ ያለው ደግሞ ተቆጡ። «ሰፊ ጎማ አስገባሁ፤ ጭቃ እንዳይረጭ ብዬ ክፈፍ አስገጠምኩ። ይኸው ነው ጥፋቴ!»

እታለም መኪናውን ዞረችው። ክፈፎቹ አልተሰበሩም፤ የአራቱም ጠርዝ ግን በቢላ ተቆርጧል። ክፈፎቹን ጋራዥ ውስጥ ወደ ገጠመው መካኒክ ወደ ገብረሰንበት ሄደች።

«ማን ቆረጣቸው?»

«እኔ። መሪ ሲጠመዘዝ ጎማው እየነካ አስቸገረኝ። እኔ ጋ እያለ መኪናው ከግቢ አልወጣም።»

«ሾፌሩ ሲረከብ ተቆርጠው ነበር?»

«እንዴታ! ገብረሰንበት ያላለቀ ሥራ አስረክቦ ያውቃል?»

በማግስቱ ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የሟች ሚስት አምለሰትም ጥቁር ለብሳ መጣች።

«እዩዋት» አለች እታለም ስባሪዋን አንስታ። «አንዱ ጠርዟ ለስላሳ ነው፤ ከፋብሪካ እንደወጣች ናት፤ ቢላ አልነካትም። እንግዳው የተረከበው ግን አራቱም የተቆረጡ ክፈፎች ነው። እንዲህ ያለ ጠርዝ ከነሱ ሊሰበር አይችልም። ስለዚህ የተሰበረው ከመቆረጣቸው በፊት ነው። ያኔ መኪናው ማን እጅ ነበር?»

ወደ ገብረሰንበት ዞረች።

«ጋሽ ገብረሰንበት፣ መሪ ሲጠመዘዝ የኋላ ጎማ አይዞርም። የኋላዎቹን ለምን ቆረጡ? የፊተኛው ሲሰበር ስብራቱን ቆርጠው አስተካከሉ፤ የቀሩትንም ከእሱ ጋር ለማመሳሰል ቆረጡ።»

ገብረሰንበት አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ። «ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መኪናውን ልሞክረው ብዬ ወጣሁ» አለ። «ጭጋግ ነበር። ሰውየው ድንገት መንገድ ውስጥ ገባብኝ። ሞቷል ብዬ ነው ትቼው የሄድኩት፤ ስለ ማርያም!»

«ለመቁረጥ ስንት ሰዓት ፈጀብዎ?»

«አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው።»

እታለም ፊቷን ወደ አምለሰት ላለማዞር ታገለች። መናገሩ ከበዳት፤ ግን መደበቅ አልቻለችም። «ሐኪሙ እንዳለው ወንዳወቅ ከተገጨ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል በሕይወት ቆይቷል።»

አምለሰት አልጮኸችም። ገብረሰንበት ፊት ሄዳ ቆመች።

«ሞቷል ያልከው ወርደህ አይተኸው ነው?»

«አልወረድኩም» አለ።