አሲዱ የረጋ ዕለት

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምወጣ ሰው ነበርኩ፣ አባቴ መምህር፣ የተማርኩትም ኬሚስትሪ፣ ቤታችን ውስጥ ስለ ጥላ ወጊና ስለ መንፈስ ማውራት እንደ ነውር ነበር የሚቆጠረው፣ ስለዚህ ይህንን የምነግራችሁ እያፈርኩ እንደሆነ እወቁልኝ።

የምሠራው ሆሳዕና ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ የኬሚስትሪ ላብ ውስጥ ነው። አብረውኝ የሚሠሩት እትዬ ታደለች ናቸው፣ የፎንቆ ሰው፣ በዕድሜ እናቴ ለመሆን ትንሽ የቀራቸው፣ አዲስ ገብቼ ስደናገር ምሳቸውን እያካፈሉ ሥራ ያስለመዱኝ ሴት ናቸው። ባለፈው ክረምት፣ ተማሪዎቹ ለእረፍት ሄደው ሳለ፣ ስቶር ውስጥ ሁለት ጠርሙስ አሴቲክ አሲድ ተገኘ፣ ያው አቼቶን አቼቶ የሚያደርገው ነው፣ ይኼኛው ግን ያልቀጠነው፣ ቆዳ የሚያቃጥለው፣ ከሁለቱ ባንዱ ውሃ ሳይገባበት አይቀርም ተባለ። መለየቱ ቀላል ነው፣ በረዶ ውስጥ ይቀመጥና እየተማሰለ ስንት ዲግሪ ላይ እንደሚረጋ ይታያል፣ ንጹሕ ከሆነ አስራ ስድስት ተኩል ገደማ ላይ ይረጋል፣ ውሃ ካለበት ዝቅ ይላል።

«ነገ ከምሳ በኋላ አብረን እንሠራዋለን፣ አንዱን አንተ፣ አንዱን እኔ» አሉኝ።

በማግስቱ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ መብራት ጠፍቷል፣ ከፍሪጅ በረዶ አውጥቼ የእኔንም የእሳቸውንም ጠረጴዛ አሰናድቼ መጀመሬ ነበር፣ በሩ ተከፈተና ገቡ። ቀና ሳልል «ዝናቡ አገኘዎት?» አልኩ፣ «እህ» አሉና ነጭ ጋውናቸውን እንደለበሱ ከመደርደሪያው ወዲያ ወዳለው ጠረጴዛቸው አለፉ። ትንሽ ቆይቶ ማማሰያው ቴስት ቲዩቡን ሲነካ ሰማሁ፣ ቅጭል፣ ቅጭል።

እኔ ስፈጥን ይፈጥናል፣ ስቆም ይቆማል። ሊያጫውቱኝ የፈለጉ መሰለኝና ሆን ብዬ እጄን አዛባሁ፣ ሁለት ፈጠን ያለ፣ አንድ ዘግየት ያለ፣ ያም እንደዚያው ሆነ፣ ተከትሎኝ ሳይሆን እኩል ከእኔ ጋር። «ዛሬስ ጨዋታ አምሮዎታል» ብዬ ሳቅሁ።

«ስንት ደረሰልዎ?»

«አስራ ሁለት።»

የእኔን ቴርሞሜትር ገና አላየሁትም ነበር፣ ጎንበስ ብዬ ሳየው አስራ ሁለት። አሲዱ ደግሞ አልረጋም፣ እንደ ውሃ ጥርት ብሏል፣ ይህ አንዳንዴ የሚያጋጥም ነው፣ ከልኩ በታች ወርዶ ወርዶ ድንገት ይረጋል።

«አሁንስ?»

«አስራ አንድ።»

አየሁ፣ አስራ አንድ። እጄን ከማማሰያው ላይ አነሳሁ፣ ከወዲያ ቅጭል ቅጭሉ ቀጠለ። ብድግ ብዬ በመደርደሪያው ጠርሙሶች መሃል አጮለቅኩ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ተቀምጠዋል፣ ሁለቱም እጆቻቸው ጉልበታቸው ላይ ናቸው፣ እመኑኝ፣ ሁለቱንም አይቻለሁ፣ ድምፁ ግን አልቆመም። በዚያው ቅጽበት የእኔ ቲዩብ ውስጥ ያለው አሲድ ከላይ እስከ ታች ነጭ ሆነ። ሌላ ቀን ቢሆን ዲግሪውን እጽፍ ነበር፣ ያን ቀን እግሬ ቀድሞኝ ወጣ፣ በሩን ዘጋሁት፣ መዝጋቱ አልበቃኝም፣ በጓጉንቸር ቆለፍኩት።

ከውስጥ ቀስ ተብሎ ተንኳኳ።

«ተስፋዬ፣ ምነው ልጄ? ክፈትልኝ እንጂ።»

የእትዬ ታደለች ድምፅ ነው፣ ቁልፉ እጄ ላይ ነው። አልከፈትኩም። በዚያ ዝናብ ጋውኔን እንደለበስኩ ወደ ግቢው በር ሮጥኩ።

ጥበቃው ጋሽ ላምቤቦ «ታደለች? ዛሬ በዚህ አልገባችም» አሉ፣ ግቢው ደግሞ ሌላ በር የለውም። ወደ ላቡ ተመልሰን ቁልፉን ተቀብለውኝ ከፈቱት፣ እኔ ከኋላቸው ነኝ። ማንም የለም፣ መስኮቶቹ ሁሉ የብረት ፍርግርግ አላቸው። ወዲያኛው ጠረጴዛ ላይ ሁለተኛው ቲዩብ ረግቶ፣ ማማሰያው ውስጡ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«ይኼን አንተ ነህ የሠራኸው?» አሉኝ ጋሽ ላምቤቦ፣ ምን ልበላቸው?

እትዬ ታደለች ለካ ከጠዋት ጀምሮ ፎንቆ ለቅሶ ላይ ነበሩ፣ ኔትዎርክ እምቢ ብሏቸው ነው ያልደወሉልኝ። ሰኞ ሲመጡ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ወይ ይስቃሉ ወይ ይጸልዩልኛል ብዬ ነበር፣ ሁለቱንም አላደረጉም።

«ድምፁ የእኔ ነበር?»

«የእርስዎ ነበር።»

«እኔ ነኝ ብለህ አስበህ ነበር?»

«አዎ።»

«ቁልፉስ?»

«እጄ ላይ።»

ጋውናቸውን ከመስቀያው አንስተው ትንሽ ይዘውት ቆዩ። «እንግዲያ የቆለፍከው እኔ ላይ ነዋ» አሉ።

እርስዎ አልነበሩም ልላቸው ፈለግሁ፣ ግን እኔ ያን ጊዜ እሳቸው አይደሉም ብዬ አልነበረም የቆለፍኩት፣ እሳቸው ናቸው ብዬ እያሰብኩ ነው፣ ይህን ደግሞ በገዛ አፌ ነግሬያቸዋለሁ። በኋላ ሁለቱንም ጠርሙስ ሌላ ሰው መርምሮ ንጹሕ ናቸው አለ፣ እዚያ ውስጥ ማን እንደነበር ግን የነገረኝ የለም፣ እኔም ማንንም አልጠየቅሁም።

ዛሬም አብረን እንሠራለን፣ ሰላም ይሉኛል፣ እናቴን ይጠይቁኛል። ላቡ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ስንሆን ግን በሩን ወለል አድርገው ይከፍቱና እንዳይዘጋ ወንበር ያስደግፉበታል፣ ያ ሁሉ ብርድ እየገባ «አየር ይግባ» ይላሉ፣ እኔም «ይግባ» እላለሁ፣ እየተንቀጠቀጥኩም ቢሆን ወንበሩን አንስቼው አላውቅም።