ድንበር የተሻገረው ቤት

ጋርላንድን መጀመሪያ ያየሁት ጣራ ላይ ነው። ጣራው ደግሞ መንገድ ላይ ነበር!

አትሳቁ። ቅዳሜ ጠዋት ነው። ፀጉር ቤቴ ውስጥ ሙሽራ ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች፤ እኔ ደግሞ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ከፊቴ እንደ ኤሊ የሚሄድ ሙሉ ቤት አያለሁ። መስኮቱ፣ በረንዳው፣ ጭስ ማውጫው ሳይቀር በጎማ ላይ ተጭኖ! ክላክሴን አንባረቅኩት። ጣራው ላይ ቤቱ እንዲያልፍ በረጅም እንጨት የስልክ ሽቦ ወደ ላይ የሚገፋ አንድ ዘለግ ያለ ሰው ዞር ብሎ አየኝ።

«እመቤቴ፣ ቤቱ ሰምቷል! ግን ከዚህ በላይ መሮጥ አይችልም!»

«ሙሽራ እየጠበቀችኝ ነው!»

«ታድለሽ! እኔን የሚጠብቀኝ ይሄ ሽቦ ብቻ ነው!»

ሳቄ አመለጠኝ። ተናድጄ ነበር እኮ! ንዴቴን እንኳ በወጉ አላስጨረሰኝም።

ሰኞ ፀጉሩን ሊቆረጥ መጣ። ጋርላንድ ፕሩት ይባላል። ሥራው ቤት ከመሠረቱ ነቅሎ ሌላ ቦታ መትከል ነው። በሚቀጥለው ሰኞም መጣ። ከዚያም በሚቀጥለው...

«ጋርላንድ፣ የሚቆረጥ ፀጉር እኮ አልቀረህም!»

«ታዲያ ጆሮዬን አስተካክይልኛ።»

የደንበኞችን ፀጉር የምታጥበው ታናሽ እህቴ ኮሪን ፎጣ ፊቷ ላይ አድርጋ ሳቀች። ኮሪን ከሳቀች ቆይታ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሰውየውን የወደድኩት ያኔ ነው።

ከተማችን በሁለት የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች መሃል ለሁለት የተከፈለች ናት። በዋናው ጎዳና መሃል ለመሃል የነሐስ ምልክት ተደርድሯል፤ ከምልክቱ ወዲህ ቨርጂኒያ፣ ወዲያ ቴኔሲ። ድሮ ልዩነቱ ትዝ የሚለን ቢራ ስንገዛ ብቻ ነበር፤ ዋጋው ወዲህና ወዲያ ይለያያል። ዋሽንግተን ያሉት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች «ከእንግዲህ ፅንስ ማቋረጥን የሚፈቅድ አገር አቀፍ ሕግ የለም፤ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት እንደፈቀደ ይወስን» ካሉ ወዲህ ግን ነገሩ ተለወጠ። ከጎዳናው ወዲህ ለሐኪም የዘወትር ሥራው የሆነው፣ ወዲያ ማዶ ሐኪሙን ሊያሳስረው ይችላል። የእኔ ፀጉር ቤት ወዲህ ነው። የጋርላንድ ቤት ወዲያ።

አንድ እሁድ እናቱ እማማ ኦፓል ምሳ ጠሩኝ። ድሮም አውቃቸዋለሁ፤ ፀጉራቸውን ከእኔ በቀር ለማንም አያስነኩም። የተጠበሰ ዶሮ፣ ባቄላ፣ የበቆሎ ዳቦ አቀረቡ። ቤቱ የጋርላንድ አያት በእጃቸው የሠሩት ነው፤ ሰማያዊ በር አለው፤ ያምራል። እማማ ኦፓል እጄን ይዘው እየዞሩ አስጎበኙኝ።

«ይቺ ደግሞ የልጆች ክፍል ናት። አምስት ይበቃችኋል?»

የበቆሎ ዳቦው ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረ። ሳልኩ፣ አነቀኝ፣ እንባዬ መጣ።

«እሺ ስድስት ይሁን! ምን ያስለቅስሻል?»

ከምሳ በኋላ ጋርላንድ በረንዳው ላይ ተንበረከከ። ጉልበቱ ቀጭ አለ።

«ዊላ... አግቢኝ።»

«አገባሃለሁ!» አልኩት። ከዚያ ቀጠልኩ። «ግን እዚህ ቤት አልኖርም። አንተ ወደኔ ተሻገር።»

«እናቴን ጥዬ? ቤቱ ምን ጎደለው?»

«ምንም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ነገሩ የእኔ አልነበረም። የኮሪን ነበር፤ ለሰው ትንፍሽ እንዳልል አስምላኛለች።

«ገባኝ» አለ ጋርላንድ። «የወዲያ ማዶ ሰዎች አነስንብሽ።»

«በጭራሽ! እንደሱ አይደለም!»

«ታዲያ ንገሪኛ!»

«አልችልም... ጋርላንድ፣ እመነኝ፣ አልችልም።»

ተነሣ። ጉልበቱ ደግሞ ቀጭ አለ። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

ሰኞ አልመጣም። በሌላውም ሰኞ አልመጣም። ከፀጉር ቤቴ መስኮት ሆኜ ማዶ ማዶውን ሲሄድ አየዋለሁ። ፀጉሩ አድጎ ጆሮውን ሸፍኖታል፤ ሌላ ዘንድ አልሄደም ማለት ነው። አየኝና ባርኔጣውን ደፍቶ አለፈ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

በመጨረሻ እማማ ኦፓል መጡ። ፀጉር ሊቀቡ ነው የመጡት፣ ሊቆጡኝም ነው የመጡት። ቀለሙን ቀባብቼ እንደጨረስኩ ጀመሩኝ።

«ቤቴ ምን አደረገሽ? በይ ንገሪኝ! እሁድ ቤተ ክርስቲያን ጸሎት አስደርጌልሻለሁ፤ ከፓስተሩ የታመመች ላም ቀጥሎ!»

«እግዜር ይስጥልኝ እማማ ኦፓል።»

«ላሟ ዳነች! አንቺ ግን ባሰብሽ! ልጄ እህል አይቀምስ፣ ፀጉሩን አይቆረጥ፣ የተባረረ ውሻ መስሏል!»

ተነሥተው እንዳይሄዱ ራሳቸው በቀለም ተለውሷል። እንዳላስወጣቸው አሁንም ራሳቸው በቀለም ተለውሷል። ሁለታችንም ታስረናል።

ያን ጊዜ ኮሪን የውሃውን ቧንቧ ዘጋች።

«እማማ ኦፓል፣ ዊላ ቤትዎን ንቃ አይደለም። በእኔ የደረሰውን አይታ ነው።»

«ኮሪን፣ ተይው...» አልኳት።

«አልተውም! በእኔ ምክንያት ባል ልታጪ ነው?» መጥታ እማማ ኦፓል አጠገብ ተቀመጠች። «አርግዤ ነበር። በጸሎት ያገኘሁት ልጅ ነው፤ ስም ሁሉ አውጥቼለታለሁ። ያኔ ወዲያ ማዶ ነበር የምኖረው። ገና አራት ወር ሳይሞላው የእንሽርት ውሃዬ ፈሰሰ። ሐኪሙ ‹ልጁን ማትረፍ አይቻልም› አለኝ። ‹እሺ እኔንስ?› ስለው ‹ልቡ ገና ይመታል፤ ጠበቃ መጠየቅ አለብኝ› አለኝ።»

«ጠበቃ?» አሉ እማማ ኦፓል።

«ጠበቃ። ክፉ ሰው አልነበረም። እስር ቤት ፈርቶ ነው። እኔ ትኩሳት ይዞኝ እስክቃዥ ድረስ እነሱ ስልክ ይደዋወላሉ። ዊላ ናት መኪናዋ ውስጥ ጭና ወዲህ ያሻገረችኝ። እዚህ ማንም ለማንም አልደወለም። ወዲያው ረዱኝ። ትንሽ ብትዘገይ ኖሮ ዛሬ ፀጉርዎን የማጥብልዎ እኔ አልነበርኩም።»

እማማ ኦፓል ወንበራቸውን ወደ ኮሪን አዞሩ። ሲናገሩ ድምፃቸው የሌላ ሰው መሰለኝ።

«እኔም ከጋርላንድ በፊት አንድ ነበረኝ። ልክ እንዳንቺ ውሃዬ ፈሰሰ። ዶክተሩ እጁን ታጠበና ሥራውን ሠራ፤ እኔ ተረፍኩ። ይኸው በዓመቱ ጋርላንድ መጣ።» የኮሪንን እጅ ያዙ። «ማስወረድ ኃጢአት ነው እላለሁ። ነገም እላለሁ፤ አሮጊት ነኝ፣ አልለወጥም። ግን አንቺን እንዲህ... የኔ ልጅ፣ ትኩሳት እስኪይዝሽ?»

ተቃቅፈው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ሦስታችንም እየተነፋረቅን ሳለ አንድ ነገር ሸተተኝ።

ቀለሙ!

ሮጬ አጠብኳቸው። ምን ዋጋ አለው! ቀና ብለው መስታወት ሲያዩ የእማማ ኦፓል ነጭ ፀጉር ወይን ጠጅ ሆኗል። ወይን ጠጅ ስላችሁ የምሬን ነው! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግራ አዩ፣ ቀኝ አዩ።

«እንግዲህ በሚቀጥለው እሁድ የሚጸለየው ለእኔ ነው» አሉና በሳቅ ፈነዱ።

ቀጥሎ የሆነውን የነገረኝ ጋርላንድ ነው። እናቱ በዚያ ፀጉራቸው በሰማያዊው በር ገብተው ፊቱ ቆሙ።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«እማዬ! ፀጉርሽ ምን ሆነ?»

«ፀጉሬን ተወው! ሥራህ ምንድን ነው አልኩህ!»

«ቤት... ቤት ማዛወር።»

«የሰውን ሁሉ ቤት ስታዛውር ትውላለህ፣ የራስህን አንድ መንገድ ማሻገር አቃተህ? ከዊላ ፀጉር ቤት ጀርባ ያለው ባዶ ቦታ ምን ሊበቅልበት ነው? አስተዋይ ልጅ ወልጄ ነበር፤ ማን ቀየረብኝ?»

ከዚያ ለምን እንደሆነ ነገሩት፤ ኮሪን ፈቅዳ ነበር። ያን ዕለት ጋርላንድ ጎዳናውን በሩጫ አቋርጦ መጣ፤ ባርኔጣው መንገድ ላይ ወድቆ ቀረ።

«ዊላ... ይቅር በይኝ። ንቀሽን መስሎኝ ነበር።»

«አንተን ንቄ? ያንን ሁሉ ሰኞ ባዶ ራስ ስቆርጥ?»

ሳመኝ። ፀጉሩ አፌ ውስጥ ገባ።

ቤቱ የተነቀለ ዕለት ከተማው ሁሉ ወጣ። እማማ ኦፓል «ከቤቴ አልወርድም» ብለው በረንዳው ላይ በሚወዛወዘው ወንበራቸው ተቀመጡ። ወይን ጠጅ ፀጉራቸው በንፋስ እየተበተነ እንደ ንግሥት እጃቸውን ያውለበልባሉ። ቤቱ ዝግ ብሎ የነሐሱ ምልክት ላይ ደረሰ። ግማሹ ተሻገረ። ከዚያ... ጷ! ጎማ ፈነዳ!

ቤቱ ድንበር ላይ ቆመ። ከወዲያ አንድ ፖሊስ፣ ከወዲህ አንድ ፖሊስ መጡ።

«በረንዳው አንተ ጋ ነው፤ አንተ ክሰሰው!»

«ጎማው የፈነዳው አንተ ጋ ነው! አንተ ክሰሰው!»

«ልጆቼ፣ አትጣሉ» አሉ እማማ ኦፓል ከላይ። «ቀዝቃዛ ሻይ ላምጣላችሁ? ስኳሩ ቴኔሲ ነው፣ በረዶው ቨርጂኒያ።»

ጋርላንድ ጣራው ላይ ነበር፤ እንደ መጀመሪያው ቀን፣ እንጨቱን ይዞ።

«ዊላ! የምሥራች! መኝታ ቤቱ ተሻግሯል! የቀረው ወጥ ቤቱ ነው!»

«ወጥ ቤት ውስጥ ለማርገዝ አላሰብኩም! ውረድና አግባኝ!»

ሕዝቡ በሳቅ አውካካ። «አንቺ ልጅ!» አሉ እማማ ኦፓል አፋቸውን ይዘው፤ እሳቸውም ይስቃሉ። ፓስተሩ እዚያው ነበሩ፤ የመጡት ቤቱን ሊያዩ ነው። እማማ ኦፓል ክንዳቸውን ይዘው በረንዳው ላይ አወጧቸው። ጎማው እስኪቀየር ተጋባን። ሁለቱ ፖሊሶች ሚዜ ሆኑ፣ ኮሪን አበባ ያዘች። ፓስተሩ «የሚቃወም አለ?» ሲሉ ወዲያ ማዶ የቆመ አንድ የጭነት መኪና ክላክስ አደረገ፤ መንገዱ ተዘግቶበት ነው እንጂ ተቃውሞ አልነበረም።

ይኸው ቤቱ አሁን ከፀጉር ቤቴ ጀርባ ነው። እማማ ኦፓል በየእሁዱ በእግራቸው ወዲያ ማዶ ተሻግረው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ ወይን ጠጁን ወደውት ራሳቸው ነው የሚያስቀቡት። ጋርላንድ ጎማዎቹን ሊያወልቅ ሲል ግን እጁን ያዙት።

«ተዋቸው።»

«እማዬ፣ ደርሰናል እኮ።»

«ሕጉም አንድ ቦታ የቆመ መስሎን ነበር። ሲሄድ አየነው።»

ስለዚህ ቤታችን እስከዛሬ ጎማ አለው፤ ዙሪያውን አበባ ተክዬ ሸፍኜዋለሁ።

ትናንት ጋርላንድ ቁርሱን ሲበላ ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ፈርቼ ነበር፤ ደስታም ፍርሃትም አንድ ላይ ያዙኝ።

«ጋርላንድ... ያቺ ክፍል፣ የልጆቹ...»

«ምን ሆነች?»

«ሰው ሊገባባት ነው።»

ሹካው ከእጁ ወደቀ። አቀፈኝ፣ አለቀሰ፣ ሳቀ፤ እናቱን ጠራ፤ እናቱ ኮሪንን ጠሩ። ኮሪን ሆዴ ላይ እጇን አድርጋ ብዙ ቆየች፤ ከዚያ ፈገግ አለች። ቤቱ በጩኸት ተሞላ።

ዞር ስል ጋርላንድ የለም። በመስኮት አየሁት። አበባዬን ወዲህና ወዲያ ገልጦ፣ ተንበርክኮ፣ የጎማዎቹን አየር እየለካ ነው።