የመቲ ጉደታ አቤቱታ

በሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ሐምሌ፣ ከጊንጪ ወደ አምቦ የሚወስደው አውራ ጎዳና በተቃውሞው ምክንያት አንድ ቀን ተከፍቶ ሁለት ቀን በሚዘጋበት ዘመን፣ ከጊንጪ ወጣ ባለች ቀበሌ መቲ ጉደታ የምትባል ባሏ የሞተባት ገበሬ ትኖር ነበር፤ የሰባት ሴቶች የብድር ቡድን ሊቀመንበርም እርሷ ነበረች። ጤፍ የሚዘራበት ጊዜ ደርሶ የማዳበሪያ ገንዘብ በአንዳቸውም እጅ አልነበረም፤ የከተማው አራጣ አበዳሪ ግን መሬታቸውን በመያዣ ሊወስድ አሰፍስፎ ይጠብቅ ነበር።

የብድር ተቋሙ ሠራተኛ ዘርትሁን መኪና ቢያጣ ሦስት ሰዓት ጭቃ ረግጦ ደረሰ። ቅጹን ሲያወጣ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ኦቦ ኤጄታ ከተሰበሰበው ሰው መካከል ተነሡ።

«ከድሃ ወለድ መቀበል በመጽሐፍ የተከለከለ ነው፤ እንዳትፈርሙ!»

ሴቶቹ እጃቸውን ሰበሰቡ። መቲ ሽማግሌውን ታከብራለች፤ ዝናቡ ግን አይጠብቃትም፤ ስለዚህ ወደ ዘርትሁን ዞረች።

«እስቲ ይንገሩን፤ ባለጠጋው ከባንክ በትንሽ ወለድ ሲበደር እኛ ስለምን የሚበልጥ እንከፍላለን?»

«አዴ መቲ፣ አልዋሽዎትም» አለ ዘርትሁን። «ለሚሊዮን ብርም ለሦስት ሺህም ድካሙ አንድ ነው። የእናንተን ብድር በየወሩ በእግር እየዞርን እንሰበስባለን፤ ከወለዱ ሌላ የምትከፍሉት የመሰብሰቢያ ክፍያም የመጣው ከዚሁ ነው። መያዣ የላችሁም፤ አንዱ ሳይከፍል ቢቀር ኪሳራው የእኛ ነው። ገንዘቡንም ቢሆን ከቆጣቢዎች የምናገኘው ወለድ ከፍለን ነው። በነጻ ብናበድር ዘንድሮ ለእናንተ ይደርሳል፤ ለከርሞ ግን ለሌሎች፣ ለምሳሌ ለሸነን አካባቢ ሰዎች፣ የሚሰጥ አይተርፍም።»

መቲ መልሳ ጠየቀች።

«እኛው ሰብስበን ጊንጪ ድረስ ብናመጣስ?»

«እርሱን የሚወስነው አምቦ ያለው ቢሯችን ነው።»

«እንግዲያው አምቦ እሄዳለሁ» አለችና ፈረመች፤ ስድስቱም ተከትለዋት ፈረሙ። ኦቦ ኤጄታ ሐሳባቸውን ሳይለውጡ ወጡ፤ ዳሩ ግን አልረገሟቸውም።

መንገዱ ሲከፈት መቲ አቤቱታዋን በአፋን ኦሮሞ አስጽፋ አምቦ ወረደች። ሁለት ጊዜ «ኃላፊው የሉም» ተብላ ተመለሰች፤ በሦስተኛው እስኪወጡ ድረስ ከበሩ አልተነቃነቀችም።

«ወለዱ አይነካም» አሏት ኃላፊው ወረቀቱን ደጋግመው አንብበው፤ «ራሳችሁ ሰብስባችሁ ካመጣችሁ ግን የመሰብሰቢያው ክፍያ ይቅርላችሁ።»

ያሰበችውን ሁሉ አላገኘችም፤ ሆኖም በዚያ ዓመት ከሰባቱ ሴቶች አንዲቷም መሬቷን ለአራጣ አበዳሪ አላስያዘችም።

የዚያን ዘመን ነገር የጻፉ ሰዎች የተዘጋውን መንገድና የወደቀውን ወጣት መዘገቡ፤ ይህም የተገባ ነው። ድሃ ስለምን ወለድ እንደሚከፍል የጠየቀችው፣ መልሱንም ሰምታ ዝም ያላለችው ሴት ግን ጸሐፊ አላገኘችም፤ በአምቦው ፋይል ውስጥ እንኳ የሰፈረው «አንድ የጊንጪ ቡድን» የሚል ብቻ ነው።