ጉንዳን ያልነካው መጠጥ

ሯጩ ጠዋት አልጋው ላይ ሞቶ ሲገኝ፣ የልምምድ ካምፑ ወጥ ቤት ሠራተኛ የሆነችው ታላቅ እህቱ ከማልቀሷ በፊት ትራሱ ሥር የነበረውን የኢንሱሊን መርፌ ሽርጧ ኪስ ከተተችው። የስኳር በሽታ እንዳለበት የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። «ከሰሙ ያባርሩኛል» ብሎ አስምሏት ነበር። ሞቶም እንዳያፍር ፈለገች።

ፖሊሶች የያዙት ግን አብሮት የሚተኛውን ተቀናቃኙን ነው። ማታ የጠጣውን የብርቱካን መጠጥ ከወጥ ቤት የወሰደለት እሱ ነው፤ ሬሳው ላይ የተገኘውም የእሱ ብርድ ልብስ ነው። እህትየው ዝም አለች፤ ዝምታዋም አሳፈራት።

ችኮላ የማታውቀው መርማሪ አልጋው ሥር የፈሰሰውን የብርቱካን መጠጥ ጎንበስ ብላ አይታ ወጥ ቤት ገባች።

«እህቴ፣ መጠጡ ስኳር ነበረው?»

«አበዛበታለሁ። ከሩጫ በኋላ ይወዳል።»

«ጠረጴዛሽ ላይ ጉንዳን ይርመሰመሳል። እዚያ የፈሰሰው ላይ ግን አንድም የለም።»

ቀጥላ አሠልጣኙን አነጋገረች። ሰውየው ሻያቸው ውስጥ ትንሽ ማጣፈጫ እንክብል እየጣሉ «ልጁ ወፍሮብኝ ነበር» አሉ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም፣ የተያዘውንም ተቀናቃኝ ጨምራ፣ ምግብ አዳራሽ ሰበሰበቻቸው።

«መርዝ የለም» አለች። «ትናንት ዳገት ሲሮጡ ዋሉ። ጡንቻ ያከማቸውን ስኳር ከጨረሰ፣ ሰውየው ካረፈ በኋላም የጎደለውን ለመሙላት ከደም ሲስብ ያድራል። ጤነኛ ይችለዋል። ኢንሱሊን የተወጋ ሰው ግን ስኳር ካላገኘ ሊሞት ይችላል። ሆዱ ላይ የመርፌ ምልክት አለ፤ መርፌው ግን ጠፍቷል።»

እህትየው መርፌውን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ቀና ማለት አቃታት።

«መጠጡ ባይጣፍጥ ኖሮ ይመልሰው ነበር። ጠጥቶታል። ጉንዳን ግን አልቀረበውም። ስኳር ሳይሆን የሚያጣፍጥ ነገር ያለዎት እርስዎ ነዎት፣ አሠልጣኝ።»

«ጫማዬን ስፈታ መጠጡን እሳቸው በር ላይ አስቀምጬው ነበር» አለ ተቀናቃኙ ቀስ ብሎ።

አሠልጣኙ ፊታቸው ጠቆረ። «ስኳር በሌለው ቀይሬዋለሁ። ውድድሩ ስለደረሰ ክብደት እንዲቀንስ ብዬ ነው። ሕመምተኛ መሆኑን ማን ነገረኝ?»

ሁሉም እህትየውን ላለማየት መሬት መሬት አየ፤ ይህ ከስድብ ባሰባት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ዕድሜዋን ሙሉ ሰምታለች።

«ይቅር በለኝ ወንድሜ» አለችው ተቀናቃኙን። «ሲወስዱህ እያየሁ ዝም አልኩ።»

«ሲያልበውና ሲንቀጠቀጥ ነቅቼ አይቼዋለሁ» አላት። «በርዶት መስሎኝ የራሴን ብርድ ልብስ ደረብኩለት። ብትነግሪኝ ኖሮ እኮ፣ እትዬ፣ አንድ ማንኪያ ስኳር አላጣም ነበር።»